በእኔ ጣቢያ ስም የሚመጡ መልእክቶች

ግሼ የገባሁት ገብስ ሲያሽት ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ በተመረቅሁ በሦስተኛው ወር፣ ዘጠናዎቹ ዓመታት ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው። ያን ጊዜ ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር የሚያገናኝ ኔትወርክ ይዘረጋ ነበርና ለየወረዳው አንድ ባለሙያ ይመደባል። የት እንደምንሄድ በዕጣ ለየን። እኔ ናዝሬት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ግሼ የሚባል አገር መኖሩን ያወቅሁት የዕጣውን ወረቀት ስገልጥ ነው።

የተሰጠችኝ ክፍል ከወረዳው መዝገብ ቤት ጀርባ ነበረች። መስኮቷ በብረት ፍርግርግ የታጠረ፣ ወለሏ ሲሚንቶ። መሐል ላይ አንድ የብረት ካቢኔ ቆሟል፤ ውስጡ ራውተሩ፣ ስዊቹና ባትሪዎቹ። ውጭ ጓሮው ውስጥ ዲሹ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት ውርጭ ስለሚጋግርበት በጨርቅ እጠርገዋለሁ። ከዚያ ወንበሬን ካቢኔው አጠገብ እስብና ባና ደርቤ እቀመጣለሁ። አረንጓዴ መብራት ከበራ ሥራው ደኅና ነው ማለት ነው። በዚያ ዓመት ሥራዬን ሊያይ ወደዚያች ክፍል የገባ ሰው ብቆጥር አምስት አይሞላም።

የአገሩ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። መንገድ ላይ ሁሉም ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የእናት አባቴን ጤንነት ሳይቀር ጠይቆኝ ነው የሚያልፈው። ግን ሰላምታው ካለቀ በኋላ የምንነጋገረው አልነበረንም። እነሱ የሚያወሩት ስለ በግ፣ ስለ ገብስ፣ ስለ ውርጭ ነው፤ እኔ ደግሞ ስለ አንዱም አላውቅም። እኔ የማውቀውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ በዙሪያዬ አልነበረም። «የኮምፒውተሯ ልጅ» ይሉኛል። ስሜን የሚጠራኝ ሰው ሳልሰማ ሳምንት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር።

ከሁሉም የምቀርበው የግቢውን ዘበኛ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ በልጅነታቸው ድቁና የተቀበሉ ሰው ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። አንድ ቀን፣

«ልጄ፣ ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«መሣሪያው እንዳይቋረጥ እጠብቃለሁ ጋሼ።»

«እንግዲያ አንቺም ዘበኛ ነሽ በይኛ» አሉና ወደ ዳዊታቸው ተመለሱ።

መሣሪያው ራሱም ይናገር ነበር፤ ለማዕከሉ። መስመሩ ወድቆ ሲመለስ፣ መብራት ሄዶ በባትሪ ሲሠራ፣ ጠፍቶ ሲነሣ፣ ማንም ሳይጠይቀው አጭር መልእክት ይልካል። በሙያው ትራፕ እንለዋለን። ማዕከሉ ያሉት ሰዎች መልእክቱን ስክሪናቸው ላይ ያዩና ይደውሉልኛል። መልእክቱ መድረሱን ግን መሣሪያው የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ አንዴ ልኮ ዝም ነው።

ኅዳር ላይ ከማዕከሉ ይደወልልኝ ጀመር። የሚደውለው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነው፤ የተቆጣጣሪዎቹ ኃላፊ። ድምፁ የደከመ ሰው ይመስላል፤ ሰላምታም አያበዛም።

«ትናንት ከሰዓት አራት ጊዜ ወድቀሻል። የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ። አልወደቀም።»

«መልእክቱን እያየሁት ነው እኮ። የጣቢያሽ ስም ተጽፎበታል።»

ሄጄ ኬብሉን ፈተሽኩ፣ የዲሹን ብሎን አጠበቅሁ፣ ባትሪዎቹን አንድ በአንድ ለካሁ። ምንም የለም። ከሦስት ቀን በኋላ እንደገና ደወለ። ከሳምንት በኋላም እንደገና። ታኅሣሥ ላይ «ሥራ ገበታ ላይ አለመገኘት» የሚል ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በወረዳው አስተዳዳሪ በኩል ደረሰኝ። አስተዳዳሪው ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ያዩኝ አስተያየት ከደብዳቤው የባሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምሳዬን እዚያው ክፍል መብላት ጀመርሁ። አንድ ደብተር ገዝቼ በየሰዓቱ አረንጓዴው መብራት መብራቱን እጽፍ ነበር። ቅዳሜ ገበያ መውጣት ተውኩ። ከወረዳው ከተማ ከራቤል ገበያ ለብርድ ልብስ የሚሆን ሱፍ እንግዛ ብላ የቀጠረችኝን አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስም ሁለት ጊዜ ቀረሁባት፤ ሦስተኛ አልጠየቀችኝም።

የጥምቀት ዕለት ከተማው ሁሉ ታቦት ተከትሎ ወረደ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ክፍሌ ውስጥ ነኝ። ዘበኛው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ ታቦት ወጥቶ ቤት ዘግቶ የሚቀመጥ ማነው?»

«አልሄድም ጋሼ። ዛሬ ይህን ነገር አረጋግጣለሁ።»

«እኔም ዘበኛ ነኝ፤ እኔ እሄዳለሁ። እግዚአብሔር ይጠብቀዋል።»

«ማዕከሉ እንደሱ አያምንም።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ከበሮውና እልልታው ከታች ከወንዙ ይሰማኛል። ነፋሱ ሲዞር ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። በሶ በጥብጬ ጠጣሁና ዓይኔን ከመብራቱ ላይ ሳልነቅል ዋልኩ። አንድም ጊዜ አልጠፋም። ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገዱ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሴቶቹ እየዘፈኑ አለፉኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ማልቀስ አሰኘኝ።

ከበዓሉ በኋላ የማዕከሉ ሰውዬ ደወለ። «የጥምቀት ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ…» ብሎ ጀመረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ላቋርጥዎት። መልእክቱን ከላይ እስከ ታች ያንብቡልኝ።»

«ለምን?»

«ብቻ ያንብቡልኝ። ቁጥሩንም ጭምር።»

እየተነጫነጨ አነበበልኝ። ስሙ የእኔ ጣቢያ ስም ነው። መልእክቱ የተነሣበት የመሣሪያ አድራሻ፣ ቁጥሩ፣ ግን የእኔ አልነበረም። ነገርኩት። «ሶፍትዌሩ የሚለያችሁ በስም ነው፤ አድራሻ ሲቀያየር እንዳያስቸግር ብለን ነው እንዲያ የሠራነው» አለኝ፤ ከዚያም ሌላ ስልክ ሲጠራበት ዘጋብኝ። አድራሻውን ከማሠልጠኛ ወረቀቶቼ መሐል ካለው ዝርዝር ላይ ፈለግሁት። በመርሐቤቴ በኩል፣ ወደ ጀማ በረሃ በሚያዘቀዝቀው አገር ያለ ጣቢያ ነበር። እዚያው ደወልኩ። አንድ ወጣት ወንድ አነሣ።

ነገሩን ሳስረዳው እስክጨርስ ሰማኝና፣ «ቆይ አንዴ» አለ። የኪቦርድ ድምፅ ይሰማኛል። ከዚያ ሳቀ።

«እውነትሽን ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ የእናንተን መሣሪያ ኮንፊግ፣ ቅንብሩን እንዳለ ገልብጦ ነው ያስገባው። አድራሻውን ቀይሮ ስሙን መቀየር ረስቷል። እኔ እኮ እዚህ ‹መስመሩ የማይወድቅ ብቸኛ ጣቢያ› ተብዬ በስብሰባ ተመስግኛለሁ።»

«እኔ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል።»

ሳቁን አቆመ። «ይቅርታ» አለኝ። «አስተካክለዋለሁ።»

አላስተካከለውም። በማግስቱ ግን ደወለልኝ። «አሁን መስመሬ ወድቆ ተመልሷል፤ ሊደውሉልሽ ነው፣ ተዘጋጂ።» እውነትም ከአፍታ በኋላ ከማዕከሉ ተደወለ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። እሱ ይደውላል፣ ቀጥሎ ማዕከሉ ይደውላል፣ ከዚያ እኔ እሱን መልሼ እደውልና ምን እንዳሉኝ እነግረዋለሁ። እሱም ከሩቅ የመጣ ነው፤ ወላይታ ነው ያደገው። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጠመዝማዛው መንገድ፣ አውቶቡስ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲዞር ዓይኑን እንደሚጨፍን ይነግረኛል። እኔ ስለ ውርጩ እነግረዋለሁ። ጠዋት ውኃ ባልዲ ውስጥ ጠጥሮ አገኘሁ ስለው ለሁለት ቀን አላመነኝም። ስለ ራውተርም እናወራለን፤ ሌላው ሰው የሚሰለቸውን ሁሉ። ስሜን ይጠራኛል።

ያን ጊዜ የመሣሪያውን ስም እንዳይቀይረው አልፈለግሁም ብል ውሸት ነው። ፈልጌም ነበር፣ ፈርቼም ነበር። እሱም ለምን ዛሬ ነገ እንደሚል አልጠየቅሁትም።

ሚያዝያ ላይ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። ይኸኛው ደመወዝ ስለ መቅጣት የሚያወራ ነበር። ስለ አድራሻው ለማዕከሉ በጽሑፍ አሳውቄ ነበር፤ መልስ ግን አልመጣም። በንዴት ስልኩን አንሥቼ ወደ እሱ ደወልኩ፤ አያነሣም። ደግሜ ደወልኩ። አያነሣም።

ያኔ ነው ያደረግሁትን ያደረግሁት። የዚያ ኔትወርክ መሣሪያዎች ሁሉ ከርቀት የሚታዘዙት በሁለት የይለፍ ቃላት ነበር፤ አንዱ ለማንበብ፣ አንዱ ለመለወጥ። ሁለቱም ከፋብሪካ ሲወጡ የተሰጧቸው፣ የትኛውም መመሪያ መጽሐፍ ላይ የሚገኙ ቃላት ናቸው። ማንም አልቀየራቸውም። ከላፕቶፔ ላይ የእሱን አድራሻ ጻፍሁ፣ ሁለተኛውን ቃል ጻፍሁ፣ ቀጥሎ የእሱን ከተማ ስም በላቲን ፊደል ጽፌ ላክሁ። መሣሪያው ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም። ወዲያው ተቀበለ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ ላፕቶፑን ዘጋሁት። እኔ ከግሼ ቁጭ ብዬ የመርሐቤቴን መሣሪያ ስም ከለወጥሁ፣ ሌላው ምን ያደርግ ይሆን? የእኔንስ ማን ገብቶበት ይሆን? ይህን እያሰብሁም ቢሆን አልነገርሁትም። ሲደውል እነግረዋለሁ አልሁ። አልደወለም። በኋላ እንደሰማሁት አባቱ ታመው በዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ወላይታ ተሣፍሯል። መብራት ከሄደ ማዕከሉ መልእክቱን አይቶ ለግሼ ይደውላል፣ እኔም የእሱ ጣቢያ መሆኑን አውቄ ለእሱ ወረዳ ሰዎች እነግራለሁ ብሎ አምኖ ነው የሄደው።

መብራት ሄደ። መሣሪያው «በባትሪ እየሠራሁ ነው» የሚል መልእክት ላከ። ማዕከሉ ግን የዚያን ከተማ ስም በዝርዝሩ የያዘው እኔ ከጻፍሁት በአንድ ፊደል በሚለይ አጻጻፍ ነበር። ሶፍትዌሩ ስሙን አላወቀውም፤ መልእክቱን ማንነታቸው ያልታወቁ ከሚከማቹበት፣ ማንም ከማይከፍተው ክፍል ጣለው። ባትሪው አለቀ። የሚያስነሣው ሰው ስላልነበረ ጣቢያው ለዘጠኝ ቀን ሞተ።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ለእኔ ማንም አልደወለም። ተገላገልሁ ብዬ አሰብሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ስልኩ ዝም ማለቱ አስጨነቀኝ። ሁለት ጊዜ የስልኩን መያዣ አንሥቼ ድምፅ መኖሩን አዳምጫለሁ።

በአሥረኛው ቀን ደወለ።

«አባቴ ታመው ወላይታ ነበርኩ፤ ተመለስኩ» አለኝ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«አሁንስ እንዴት ናቸው?»

«ተሻላቸው።» ወዲያው ቀጠለ። «ማዕከሉ አንድ መልእክት አገኘሁ አለኝ፤ የኔ ከተማ ስም ያለበት፣ በእኔ አድራሻ። እኔ አልቀየርሁትም። አንቺ ነሽ?»

መካድ እችል ነበር። የላክሁት ስም በቋሚነት እንዲቀመጥ አላዘዝሁትምና መሣሪያው ጠፍቶ ሲነሣ ወደ ድሮው ስሙ ተመልሷል። ማን እንደለወጠው የሚያሳይ ምንም የለም።

«እኔ ነኝ» አልሁት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደወልሁ፤ አላነሣህም። በኋላ ደግሞ… አልነገርሁህም።»

«ማስተካከሉን ዛሬ ነገ ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱስ ልክ ነሽ» አለ። «ግን በሬን ሳታንኳኪ ነው የገባሽው።»

ከዚያ በዝግታ የሆነውን ነገረኝ። አንዲት እናት ከበረሃው ከታች ሁለት ቀን በእግራቸው መጥተው ነበር። የመሬት ክርክር ይግባኝ ነበራቸው፤ ችሎቱ ከአዲስ አበባ በዚሁ ኔትወርክ በስክሪን ነው የሚያያቸው። ቀጠሮው ከነዚያ ዘጠኝ ቀናት በአንዱ ላይ ወደቀ። ሴትየዋ ጨለማ ስክሪን ፊት እስከ ማታ ተቀምጠው ተመለሱ። ለእሱም ደብዳቤ ተጽፎለታል።

ያን ዕለት ከሰዓት ክፍሌን ቆልፌ ወጣሁ። መብራቱ ይብራ አይብራ ግድም አልሰጠኝ። ዘበኛው ፊቴን አይተው ተነሡ።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ አድራሻና ስለ ፊደል የተናገርሁት ሁሉ እንደገባቸው እንጃ፤ ስለ ሴትየዋ ያልሁት ግን ገብቷቸዋል።

«ይህን ሌላ ማን ያውቃል?»

«እሱ ብቻ።»

«እሱ ይናገርብሽ ይሆን?»

«አይመስለኝም።»

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «እንግዲያማ አንቺ ራስሽ ተናገሪ። ኃጢአት እኮ ሌላው ሲናገረው ክስ ነው፤ ራስሽ ስትናገሪው ንስሐ ነው።»

ደብዳቤውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ያደረግሁትን ጻፍሁ፤ እሱ ጥፋት እንደሌለበት ጻፍሁ። እኔ በዚያ ቃል ከገባሁ ማንም ሊገባ እንደሚችልም ጻፍሁ። ቃላቱ በመስመሩ ላይ ሳይሸፈኑ ነው የሚሄዱት፤ መሐል ላይ ያለ ሰው ያነባቸዋል። መሣሪያዎቹ ከማዕከሉ አድራሻ በቀር ለሌላ እንዳይታዘዙ ይደረግ፣ ከርቀት የመለወጥ ሥልጣኑ ይዘጋ፣ የማይታወቁትም መልእክቶች የሚያነባቸው ሰው ይኑር አልሁ። ኮሌጅ ውስጥ በችኮላ ያለፍነውን ምዕራፍ እንደገና አንብቤ ነው የጻፍሁት። በፖስታ ሰደድሁት።

የተቆጣጣሪዎቹ ኃላፊ ደወለ። እንደሚጮህብኝ ጠብቄ ነበር።

«ደብዳቤሽን አነበብሁት» አለኝ። «የአምስት ወር መልእክት አገላብጬ አየሁ። አድራሻውን አንድ ቀን እንኳ ብመለከት ኖሮ…» አልጨረሰውም። «ያንቺን ቅጣት እኔ አልወስንም። ግን ሰኔ ላይ ሁላችሁንም ደብረ ብርሃን እንጠራችኋለን።»

ቅጣቱ የአሥር ቀን ደመወዝ ሆነ። የእሱ ደብዳቤ ተነሣለት።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ዝናብ ነበር። አዳራሹ ውስጥ ሃያ የምንሆን ሰዎች ተቀምጠናል። በስልክ የማውቀውን ሰው ከመሐላቸው ለመለየት ፈለግሁ፤ አልቻልሁም። ለሻይ ስንወጣ አንድ ረጅም፣ ጎንበስ ያለ ልጅ ስኒውን ይዞ አጠገቤ ቆመ።

«የግሼዋ ነሽ?»

ድምፁን ሳውቀው ደነገጥሁ። በስልክ ከዚያ ሁሉ ወሬ በኋላ እጅ ለእጅ ተጨባበጥንና የምንለውን አጣን። «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለኝ። «ደኅና ነበር» አልሁት። «አባትህ?» «ደኅና ናቸው።» ስለ ሴትየዋ ጠየቅሁት። አዲስ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው ቀርበዋል፤ ፍርዱ ገና ነው አለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር፤ ሰዎች መጡብን።

ሥልጠናው ሁለት ቀን ነበር። ከፋብሪካ የመጡት ቃላት ተሻሩ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መጠሪያና ሁለት ምስጢር ተሰጠው፤ በአንዱ ማንነቱን ያረጋግጣል፣ በሌላው መልእክቱን ይሸፍናል። መልእክቱም ከእንግዲህ ተልኮ የሚቀር አይደለም፤ ማዕከሉ «ደርሶኛል» እስኪለው መሣሪያው ደጋግሞ ይልካል። ኃላፊው ይህን ሲያስረዳ የሚናገረው ቀስ ብሎ ነው፤ ከስልኩ ይልቅ ፊቱ ደግ ነበር።

ኮምፒውተሮቹ ጥቂት ስለነበሩ ሁለት ሁለት ሆነን ተቀመጥን። እሱና እኔ አንድ ላይ ደረሰን። የየራሳችንን ምስጢር የምናስገባበት ጊዜ ሲደርስ እኔ ቀደምሁ። ጣቶቼ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፉ እሱ ሳልጠይቀው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ጽፌ እስክጨርስ ዝናቡን ይመለከት ነበር። ከዚያ ተቀያየርንና እኔም ፊቴን አዞርሁ። የሱን ጣቶች ድምፅ እየሰማሁ፣ መደረግ ያለበት ይኸው እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ከዚያ በኋላ በእሱና በእኔ መካከል የሚምታታ መልእክት፣ የሚያደዋውለንም ነገር እንደማይኖር አውቅ ነበር።

«ይቅርታ» አልሁት፣ ፊቴን እንዳዞርሁ።

«ለምኑ?»

«ሳላንኳኳ ስለ ገባሁ።»

መጻፉን አቆመ። «አልፏል» አለኝ። እውነቱን ይመስለኛል፤ በእሱ በኩል አልፎ ነበር።

ክረምቱ ገባ። ጭጋጉ ጠዋት ወርዶ እስከ ቀትር አይነሣም፤ ከበሬ ላይ ሆኜ ዲሹ አይታየኝም። ከማዕከሉ የሚደወለው በእውነት የእኔ መስመር ሲወድቅ ብቻ ሆነ። የእሱ መስመር ሲወድቅ የሚደወለው ለእሱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ ሰላም ተባብለን ምክንያት አጣን። ከዚያ ቀረ። እኔም ስልኩን አንሥቼ ምን ብዬ እጀምራለሁ እያልሁ መልሼ አስቀምጠው ነበር።

መስከረም ላይ ለነርሷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ገበያ አብረን ወጣን፤ ሱፉንም ገዛን። ብዙ አላወራንም፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቅዳሜ አብረን ምሳ እንበላ ነበር።

ወደ ፋሲካ ግድም ድፍረት አገኘሁና ወደ መርሐቤቴ ደወልሁ። አንዲት ሴት አነሣች። የማላውቃት ልጅ ነች፤ ድምፅዋ ገና ሥራ የጀመረች ይመስላል። እሱን ጠየቅሁ።

«ወደ አገሩ ተዛውሯል፤ ሁለት ወር ሆነው። ማን ልበል?»

«ከግሼ ነው። ለሥራ ነበር።»

«በምን ልርዳሽ?»

ምንም አልነበረኝም። «መሣሪያው ደኅና ነው?» አልኋት።

«ደኅና ነው» አለች፤ ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ «እዚያ ብርድ ነው ይላሉ፣ እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኋት። ስለ ዲሹ አጠራረግ፣ ስለ ባትሪው ጥቂት ነገር ነገርኋት። አመሰገነችኝ። ልጠይቃት የምፈልገው ሌላ ነበር፤ ግን እሷን ምን አገባት። ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ውጭው ፀሐይ ስለነበር ወንበሬን ይዤ ወጣሁና ግድግዳው ሥር ከዘበኛው አጠገብ ተቀመጥሁ። እሳቸው ዳዊታቸውን እየደገሙ ነበር፤ ቀና ብለው አላዩኝም፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቦታ ብቻ ለቀቁልኝ።